ጥጥ የቷ፣ ዱቄት የቷ

ጋሼ መቀስ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የመዝገብ ስማቸውን ከቤተሰባቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በመቀሳቸው ነው። ፀጉር ቤታቸው አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወትና ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። በኋላዋ በር ሲወጡ መኖሪያ ቤታቸው ነው። እዚያ ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጃቸውና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው አብረዋቸው ይኖራሉ። ሁለት ጥንቸሎችም አሉ።

ጥንቸሎቹ እህትማማቾች ናቸው፤ ከአንድ ሆድ በአንድ ቀን የወጡ፣ ከጆሯቸው እስከ ጭራቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ቀይ። ልጅቷ አንዷን ጥጥ አለቻት። ሌላዋን ደግሞ እናቷ ከሥራ ስትመለስ ልብሷ ላይ ይዛው በምትመጣው ነገር ዱቄት ብላ ጠራቻት።

የልጅቷ አንድ እግር ከተወለደች ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረ ነበርና ቀዶ ጥገና የሚደረግላት ቀን ደረሰ። ሆስፒታሉ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። እናትና ልጅ ለሁለት ሳምንት ሊሄዱ ሻንጣ ሲሸክፉ፣ ልጅቷን ያስጨነቃት የገዛ እግሯ ሳይሆን የዱቄት ጆሮ ነበር። ዱቄት ጆሮዋ ውስጥ ቁስል ወጥቶባት የእንስሳት ሐኪሙ ጠብታ አዞላታል። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት፣ ለዐሥር ቀን። መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነም የጥጥ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ አደራ ብሏል።

“አባባ፣ እንዳትሳሳት” አለቻቸው ዱቄትን እቅፋቸው ውስጥ አስቀምጣ። “የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ አለች። ምስር የምታክል። ታየችህ?”

ጋሼ መቀስ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩ። ነጭ ነው። ገልበጥ አድርገው አዩ። ነጭ ነው።

“ታየችኝ” አሏት።

ለመዋሸት አስበው አልነበረም። እንዲህ ማለት ከጀመሩ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚያልፍ ሰው ስታሳያቸው “አየሁት” ይላሉ፤ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ የልጁን ፎቶ ሲያሳያቸው “ቁርጥ አንተን!” ይላሉ። ዓይናቸው ላይ ጭጋግ ነገር ወርዶ ነበር። ይጠራል ብለው ጠበቁ፤ አልጠራም። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ዓይኑ ለደከመ ፀጉር አስተካካይ ማን ጉሮሮውን ለምላጭ ይሰጣል? እጄ መንገዱን ያውቀዋል እያሉ ራሳቸውን ሲያጽናኑ ከረሙ።

በነጋታው ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ሄዱ። ጋሼ መቀስ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዘው ጓሮ ያለውን የጥንቸሎቹን የሽቦ ቤት ሲከፍቱ ሁለት ነጭ ነገሮች ወደ እጃቸው ተንደረደሩ። “ዱቄት” ብለው ጠሩ፤ ሁለቱም አፍንጫቸውን ነቅነቅ አደረጉ። “ጥጥ” አሉ፤ ያው ነው። ልጅቷ ጥጥ ኩሩ ናት፣ ዱቄት ፈሪ ናት ትል ነበር፤ እሳቸው ኩራቱንም ፍርሃቱንም ከየት ያምጡት? ጆሮዋን የሚያሳክካት ራሷ ታስታውቃለች ብለው በርጩማ ስበው ተቀመጡ። አንዷ በኋላ እግሯ ጆሮዋን ፎከተች። እሰይ ሳይሉ ሌላዋም ፎከተች። ጆሯቸውን በየተራ አሸተቱ፣ በጣታቸው ዳበሱ። በመጨረሻ እጃቸው ላይ ሞቅ ያለችው ታማሚዋ ትሆናለች ብለው ለእሷ ሦስት ጠብታ አደረጉላት። ምልክት እንዲሆናቸውም አንገቷ ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ሥራ ዘግተው ሲመለሱ ክሩ የለም። አንዷ በልታዋለች፤ የትኛዋ እንደበላችው ግን እግዜር ይወቅ። በሚቀጥሉት ቀናትም እንዲሁ በግምት ሆነ፤ ጠብታው አንድ ጊዜ ለአንዷ፣ አንድ ጊዜ ምናልባት ለሌላዋ።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል ሰላም ሳትላቸው አትውልም። ክር ከመርፌ ቀዳዳ ሳትፈልግ የምታስገባ ሴት ናት፤ አንዴ ብቅ ብላ ብታይላቸው ነገሩ ያከትም ነበር። ሦስት ጊዜ ሊጠሯት አፋቸውን ከፍተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አወሯት። ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚላጨው እሳቸው ዘንድ ነው። አንዲት ቃል ከአፋቸው ብታመልጥ በማግስቱ አግዳሚው ባዶውን እንደሚውል አሰቡ።

ልጅቷ በየቀኑ ትደውላለች። ቀዶ ጥገናው ደህና አልፏል፣ እግሯ በጀሶ ታሽጓል፣ ያማታል ግን አላለቀሰችም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነግራቸው ስለ ዱቄት ትጠይቃለች። እየተሻላት ነው ይሏታል።

በስድስተኛው ቀን አንዷ ጥንቸል ካሮቱን ሳትነካ ቀረች። ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ጥላ፣ ልትራመድ ስትል ባለችበት ዞራ ወደቀች። ጋሼ መቀስ ቢያነሷት መልሳ ወደቀች። ደንበኛ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይቅርታ ጠይቀው፣ ፀጉር ቤቱን ዘግተው፣ ሁለቱንም በካርቶን ይዘው ወደ እንስሳት ሐኪሙ ገሰገሱ።

ሐኪሙን ከተማሪነቱ ጀምሮ ፀጉሩን የቆረጡለት እሳቸው ናቸው። የወደቀችውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በባትሪ ጆሮዋን አየ፤ ከዚያ ሌላዋን አንስቶ አየ።

“ጋሼ፣ መድኃኒቱን ያገኘችው ይቺ ጤነኛዋ ናት፤ ጆሮዋ ቀልቷል፣ ይድናል” አለ። “የታመመችው ደርሷት ከሆነም አንድ ሁለት ጊዜ ነው። ምልክቷ እኮ ይቻትና።” ጣቱን የወደቀችው ጥንቸል ቀኝ ጆሮ ጫፍ ላይ አሳረፈ።

ጋሼ መቀስ ጎንበስ ብለው አዩ። ጣቱን አዩት።

“አይታየኝም” አሉ። ይህን ቃል ጮክ ብለው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐኪሙ ባትሪውን አጠፋ። “ከክረምቱ ጀምሮ የግራ ጆሮ ግንዴ ላይ ያለው ፀጉር ከቀኙ ይረዝማል” አለ ቀስ ብሎ። “ቤት ስገባ ባለቤቴ ታስተካክልልኛለች።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ምን ብዬ ልንገርዎት?”

ሌሎቹም ያውቁ እንደሆነ ጠየቁት። ሐኪሙ ወደ መድኃኒት መደርደሪያው ዞሮ አንድ ነገር መፈለግ ጀመረ። ጋሼ መቀስ በሐሳባቸው አንድ በአንድ ጠሯቸው፦ ፂሜን ላሳድገው ነው ብሎ ምላጭ የተወውን አስተማሪ፤ ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ከላይ ከላይ ብቻ የሚለውን ጫማ ሻጭ። እሳቸው ከሰው የደበቁ መስሏቸው ነበር፤ ለካ ሰው ነው ከእሳቸው የደበቀው።

ሐኪሙ መርፌ ወግቶ፣ ሕመሙ ወደ ውስጥ ስለዘለቀ ዱቄት ብትተርፍም አንገቷ እንደማይቃና ነገራቸው። ምንም ማድረግ አይቻልም ወይ ቢሉት፣ ጊዜው አልፏል አላቸው። በየቀኑ እየተመላለሱ አስወጓት። ልጅቷ ስትደውል ግን ተኝታለች፣ እየበላች ነው እያሉ ቀናቱን ገፉ፤ በጀሶ ታስራ ለተኛች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል?

እናትና ልጅ ሲመለሱ ልጅቷ በሁለት ክራንች እየተደገፈች በቀጥታ ወደ ሽቦው ቤት ሄደች። ዱቄት ጭንቅላቷ ትከሻዋ ላይ እንደወደቀ፣ ባለችበት ትዞር ነበር። ጋሼ መቀስ አጠገቧ ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳያስቀሩ ነገሯት።

“ታየችኝ ብለኸኝ ነበር እኮ” አለች።

“ብዬሽ ነበር።”

“ስደውልስ ለምን አልነገርከኝም? ሰው ጥራ እልህ ነበር።”

ልጅቷ ሁለት ቀን አላናገረቻቸውም።

ልጃቸው የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ነርቩ ሲደርቅ ቆይቷል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው እንዳይሄድ እንሞክራለን አለ ሐኪሙ። ልጃቸው እስከ መንገዱ ድረስ ስትቆጣቸው መጥታ መሻገሪያው ላይ ክንዳቸውን ያዘች። ጋሼ መቀስ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጃቸውን ይነጥቋት ነበር።

ቤት ሲደርሱ ምላጮቹን በፎጣ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ደንበኞቹ እንደልማዳቸው ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወሬ ያወራሉ፣ ስለ ፀጉር ግን የሚያነሳ የለም። የእንስሳት ሐኪሙም ይመጣል፤ ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል። ሌላ ቦታ ሄደህ ተቆረጥ ይሉታል፣ እሺ ይላል፣ አይሄድም።

ጥንቸሎቹን አሁን ከበሩ ላይ ሆነው ይለዩዋቸዋል። እየዞረች የምትወድቀው ዱቄት ናት። ይህን ባወቁ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

እናትና ልጅ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነበር ልጅቷ ከጓሮ የጠራቻቸው። ዱቄትን ለማብላት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ የእሷ እጆች ክራንች ይዘዋል።

“አባባ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርገህ ያዝልኝ” አለች ፊታቸውን ሳታይ።

በርጩማው ላይ ተቀምጠው የዱቄትን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው መሃል ቀና አደረጉ። ልጅቷ አንዱን ክራንች ግድግዳው ላይ አስደግፋ በነጻ እጇ የጎመን ቅጠል ዘረጋችላት። ዱቄት በላች። ጋሼ መቀስ ጨረሰች ብለው ሲለቋት ጭንቅላቷ ተመልሶ ወደቀ።

“ገና ነች” አለች ልጅቷ።

መልሰው ያዙት።