ባለመቀሶቹና የሚስቴ አልጋ

በዚህ ዕድሜዬ ሚስቴ ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ያውም ለሌላ ወንድ ብላ አይደለም። ጥፍሬን በማታህል ተባይ ምክንያት!

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ለቅቆ እኛም ከሸሸንባት ከገዳሪፍ ካርቱም ወዳለው ሰፈራችን ወደ ቡሪ የተመለስን ሰሞን ነው። የግቢያችንን በር በትከሻዬ ገፍቼ ስከፍት ልቤ ዘለለ። የኒም ዛፋችን ቆሟል! የውሃ መጠጫችን ዚሩ፣ ያ ትልቁ የሸክላ ጋን፣ አልተሰነጠቀም! በገመድ የተጠለፉት ሁለቱ አንገሬቦቻችንም ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁናል። ሌባው ቴሌቪዥኑን ወስዶ አልጋዎቻችንን ንቋቸዋል። አልተቀየምኩትም።

መብራት ስላልነበረ የምንተኛው ግቢ ውስጥ ነበር። እንደ አገሩ ደንብ አመሻሽ ላይ መሬቱን ውሃ እረጭና አፈሩ ሲቀዘቅዝ አልጋዎቹን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። ከዚያ ከአልጋ ወደ አልጋ ወሬ ነው። ሚስቴ ሰው ታማለች፣ እኔ እጨምርበታለሁ። በገዳሪፍ የልጃችን ጠባብ ቤት ሳለን የናፈቀኝ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጧት አንሶላዋን ስታራግፍ ጩኸቷ ኒሙ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣቸው።

«አንተ! ምንድን ነው ይሄ? ቂጡ ላይ መቀስ አለው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀጭን፣ ቡናማ፣ ጅራቷ ላይ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ያላት ፍጡር ናት። ሱዳኖች አቡ መገስ፣ ባለመቀስ ይሏታል።

«እሜቴ፣ ይቺማ ምንም አታደርግም።»

«ጆሮ ውስጥ ትገባለች! ሐጃ ነግራኛለች።»

«ተረት ነው እሱ። እኔ ስንት ዘመን ክፍት ጆሮ ይዤ ተኝቻለሁ፣ ምን ገባብኝ?»

«አንተ ጆሮ ውስጥማ ምክርም ገብቶ አያውቅ!»

ትራሷን በብብቷ ይዛ፣ አጥር ወደምትጋራን አከራያችን ወደ ሐጃ ቤት ተሻገረች። ከበሩ ላይ ዞር ብላ ቁርጡን ነገረችኝ፤ ግቢው ካልጸዳ ዐርብ በአውቶቡስ ወደ ልጇ፣ ወደ ገዳሪፍ።

እንግዲህ እኔ በወጣትነቴ መንግሥት እገለብጣለሁ ብዬ ድንበር የተሻገርኩ ሰው ነኝ። መንግሥቱ እኔን ሳይጠብቅ ወደቀ። ይህ ውጊያ ግን የራሴ ነው አልኩና ወገቤን ይዤ ተነሣሁ።

ወሎ ልጅ ሳለሁ ጉንዳን ሲመጣብን የአልጋውን እግር ውሃ በሞላበት ጣሳ ውስጥ እናቆም ነበር። ጉንዳን ዋና አይችልም። ይኸው መላ! የሚስቴን አንገሬብ አራት እግሮች በአራት ጣሳ አቆምኩ። ለጥንቃቄ ብዬ ጣሳዎቹን እርጥብ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩ። ጠላት እንዲሰጥም መሬቱንም ከወትሮው አብልጬ አራስኩት። ስጨርስ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ የጦር አዛዥ መሰልኩ።

ሲነጋ አንዱን ጣሳ አነሣሁ። ያ ረቢ! ከሥሩ መቀስ በመቀስ! ጆንያውን ገለጥኩ፣ እዚያም ሠርግ ነው። ወደ ዚሩ ሮጥኩ፤ ጠብ ጠብ እያለ ባረጠበው መሬት ላይ፣ በበሰበሰው ቅጠል ሥር ይተራመሳሉ። ደረቁ ጥግ ሄጄ ጡብ አነሣሁ። አንድም የለም! ሌላ ጡብ፣ ምንም!

ያን ጊዜ ግንባሬን መታሁት። እነዚህ እንግዶች ውሃ ይወዳሉ፣ ቤት ያደልኳቸው ደግሞ እኔው! በየማታው ውሃ እየረጨሁ፣ ጣሳ እየደረደርኩ፣ እንደ ደግ ባለርስት!

ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። የሚወዱትን ካወቅኩ አለቀላቸው። ቅጠሉን ጠራርጌ አወጣሁ፣ ጆንያውን ፀሐይ ላይ ጣልኩት። ዚሩን እያማጥኩ ከፍ ወዳለ ማስቀመጫ አወጣሁና ጠብታውን የሚቀበል ሳህን አኖርኩለት። መሬቱን ውሃ ነፈግኩት። ከዚያ ወጥመዱ መጣ። አሮጌ ጋዜጣ ጠቅልዬ በመጠኑ አርሼ እዚህም እዚያም ጣልኩ። ባዶ የሰርዲን ጣሳዎች እስከ አፋቸው መሬት ውስጥ ቀብሬ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አደረግኩባቸው፤ ሽታው ይጠራቸዋል፣ ገብተው አይወጡም።

ጎህ ሲቀድ በባዶ እግሬ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ጋዜጣ የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ላይ ሳራግፈው ባለመቀሱ እንደ ገብስ ዘነበ!

«ያዝኳቸው! ያዝኳቸው!»

ሐጃ ከአጥሩ ወዲያ «ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ወርቅ አገኘህ እንዴ?» አለችኝ።

«ከወርቅ ይበልጣል! ሚስቴን ጥሪልኝ!»

ሚስቴ ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። «ለማየት ብቻ ነው» አለች። ባልዲውን አየች፣ ጣሳዎቹን አየች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ጋዜጣ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚራገፈው? ግማሹን እያስመለጥክ! ወዲያ በል!»

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ቀድማኝ ትገኝ ጀመር። እሷ የኒሙን በኩል ያዘች፣ እኔ የዚሩን። «የኔ ይበልጣል!» «አይበልጥም፣ ውሃው ነው አብዝቶ ያሳየሽ!» እንባባላለን። ቀን በቀን ባልዲው እየሳሳ ሄደ። ሲመሽ ግን ትራሷ ያው ሐጃ ቤት ነው። እኔም ሳልረጨው አቧራው በተነሣ ግቢ፣ በሙቀቱ እየተገላበጥኩ፣ ለኒሙ አወራለሁ። ኒም ደግሞ ሰው አያማም።

ሐሙስ ጧት ባልዲው ባዶ ሆነ። አመሻሽ ላይ ሚስቴ መጥታ አልጋዋን ገለበጠች፣ ገመዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ በአራቱም እግር ሥር አየች። ምንም የለም።

«ጎበዝ» አለችና አልጋዋን መልሳ አንሶላዋን ዘረጋችበት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሽልማት አግኝቼ አላውቅም። ላቤን ልጠርግ ከጀለቢያዬ ኪስ መሐረብ መዘዝ ሳደርግ፣ ለካ ጧት ያራገፍኩትን እርጥብ ጋዜጣ እዚያው ወትፌዋለሁ። አብሮ ወጣና ከውስጡ አንዲት የጠገበች ባለመቀስ ነጭ አንሶላዋ መሐል ዱብ!

አውቶቡሱ ታየኝ። ጥሩምባው ሁሉ ተሰማኝ።

ሚስቴ አልጮኸችም። አንሶላውን በአራት ጫፉ ሰብስባ ወደ ባልዲው ወሰደችና አራገፈችው። ከዚያ ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች።

«ውጣ! ያንን ጀለቢያ መንገድ ላይ አራግፈህ ና። ኪሱን ገልብጠህ!»

በካናቴራና በሱሪ ሰፈሩ መሐል ቆሜ ጀለቢያዬን አራገፍኩ። አላፊው ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ እኔም እያራገፍኩ ወአለይኩም ሰላም እላለሁ። ሐጃ በሯ ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀችብኝ።

ስመለስ ሁለቱም አልጋዎች ተነጥፈዋል። ትራሷ ተመልሷል። ሚስቴ ጋደም ብላ በሐጃ ማራገቢያ ፊቷን ታራግባለች።

«ዐርብስ?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ዐርብ ገበያ ስትወጣ ሰርዲን ግዛ» አለችኝ። «በኒሙ በኩል ጣሳ አንሶኛል። ይልቅ ናና ልንገርህ፣ የሐጃ ምራት ምን እንዳደረገች ታውቃለህ?»