የስለቴ ዱቄት

ልጄ ሱሉልታ አግብታ ትኖራለች። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ምጡ ጸናባትና አዲስ አበባ ሆስፒታል አስገቧት። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ ልጄን ካተረፍሽልኝ ከደጅ ደጅ ዞሬ በስምሽ ለምኜ ዝክርሽን አወጣለሁ» አልኩ። ከልመና የሚከብደኝ ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል እሱን የተሳልኩት።

ልጄም ሕፃኑም ተረፉ። ተመስገን።

ባሌ የሞተው ልጄን ጡት ሳላስጥላት ነው። ጥጥ እየፈተልኩ ለሸማኔ እየሸጥኩ አሳደግኳት። ከሰው ጨው እንኳ አልተዋስኩም። ቤቴ ቡራዩ ነው፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል። የማንንም በር ስለማላንኳኳ የእኔንም የሚያንኳኳ አልነበረም። ልጄ ካገባች ወዲህ እየፈተልኩ የምቀመጥባት አንዲት በርጩማ ትበቃኝ ነበር።

ስለቴን ለልጄ በስልክ ስነግራት ደነገጠች።

«እማዬ፣ እኔ እያለሁ ልመና? ሰው ምን ይላል? ስንዴውን አስፈጭቼ በሚኒባስ ልላክልሽ፣ ዝክሩን አውጪ በቃ።»

ነገሩ ደስ አለኝ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

«የልጅሽን ስንዴ ለነዳያን ስጪው፤ መልካም ነው» አሉ። «ስለትሽ ግን እሱ አይደለም። ለምኜ ብለሻል።»

«አፈርኩ፣ አባ።»

«ማለዳ ማለዳ እግዚአብሔርን ስትለምኚ አታፍሪም። ሰውን ለመለመን ምነው?»

«እግዚአብሔር አያማም፣ አባ።»

ሳቁና በመስቀላቸው ባርከው ሸኙኝ።

የሚያውቀኝ ሰው ወደሌለበት ሄድኩ፤ ሰበታ። የእመቤታችንን ሥዕል ደረቴ ላይ ይዤ፣ ከረጢቴን አንጠልጥዬ፣ በነጠላዬ እስከ ዓይኔ ተሸፈንኩ። «ስለ እመቤታችን፣ የስለት ነው» አልኩ በሹክሹክታ። ከመኪና ጆንያ የሚያወርድ ጎልማሳ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«እናት፣ ጫማሽ ከእኔ ጫማ ይሻላል እኮ! እኔ ልለምንሽ እንጂ።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አለፍኩ።

አንዲት ሙስሊም ባለሱቅ ግን ሥዕሉን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «መርየምን እኛም እናከብራታለን» ብላ ዱቄት በሳህን ሞልታ ከረጢቴ ውስጥ ገለበጠችልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«ከቡራዩ።»

«ውይ! ቡራዩ ሰው አለቀ እንዴ?»

«ኧረ አለ።»

«ታዲያ ጎረቤቶችሽ ምን ቢበድሉሽ ነው በረከቱን እዚህ ድረስ ያመጣሽው?»

ከረጢቴን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ጥያቄዋን ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቶቼ ምንም አልበደሉኝም። አላውቃቸውም እንጂ።

በማግስቱ ነጠላዬን ከፊቴ አውርጄ ፊት ለፊቴ ያለውን በር አንኳኳሁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ስንተላለፍ አንገት ከማጎንበስ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«ኮቱ፣ ግቢ!» አሉ ከውስጥ።

«ስለ እመቤታችን፣ እማማ። የስለት ነው።»

ወጥተው ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺ? የማትናገሪዋ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ተመልሰው ገቡ። ቆዩ። ረሱኝ ብዬ ልሄድ ስል መጡ። ለካ ንጹሕ ነጠላ እየለበሱ ኖሯል። የገብስ ዱቄት በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ልጆቼ ከወጡ ወዲህ ሁሉም ይሰጠኛል» አሉ። «ልጆቼ ይልካሉ፣ ሰዉም እንኪ ይለኛል። ስጪኝ ያለኝ ሰው ግን የለም። እኔ ዘንድም የሚፈለግ ነገር አለ ማለት ነው?»

ለማን እንደተሳልኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ዳነች?»

«ዳነች።»

«ገለታ ዋቃ! አምላክ ይመስገን!» ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኔ ልጄ የዳነች ቀን ያላለቀስኩትን እዚያ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን በሮች እሳቸው እየመሩ አሳዩኝ። «ይቺ የፊት ለፊቴ ናት» እያሉ።

የዝክሩ ዕለት ከሁሉም ቤት የተለመነው ዱቄት አንድ ዳቦ ሆነ። ነዳያን ቀድመው በሉ፣ ጎረቤቶቼም ቀመሱ። ግቢዬ ሞላ። መቀመጫውን ሁሉ ከጎረቤት ነው የተዋስኩት። ሲመሽ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ሄደ።

በነጋታው ቤቱ ጭር አለ። ድሮም ጭር ያለ ነበር፤ አሁን ግን ሰማሁት። ለመፍተል ተቀምጬ እጄ አልሠራ አለኝ።

ልጄ አልመጣችም ነበር። ሕፃን ይዛለች፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ደግሞም ነይ አላልኳትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁሉን ብቻዬን ስችል አይታለች፤ እንደምፈልጋት በምን ታውቃለች? ለእመቤቴ ስል የማላውቃቸውን በሮች አንኳኩቻለሁ። የገዛ ልጄ በር ቀርቶኝ ነበር።

ደወልኩ።

«ልጄ፣ ነይልኝ።»

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ናፍቀሽኝ ነው። እየለመንኩሽ ነው።»

ሕፃኑን እሹሩሩ ስትለው ሰማኋት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ቀስ ብላ።

አማተብኩ። ስልኩን አስቀምጬ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ ተሻገርኩ፤ እማማን ልጄ የምትቀመጥበት በርጩማ ልለምን።