ኪሱ ወደ ቀኝ የዞረ ኮት

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የወጣሁት። ባል የሌላት፣ ወንድም የሌላት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት የሆነች ልጅ አምቦ ቅዳሜ ገበያ መሃል ቁጢጥ ብላ የወንድ ኮት ስታገላብጥ ሰው ምን ይላል? የሚለውን አለ። "ወንድ ታለብሳለች" አለ። ይበል! እኔ ያን ጊዜ የምፈልገው ኮት ነበር፤ ስም አልነበረም።

"እህቴ፣ ለባለቤትሽ ነው?" ይለኛል ሰልባጅ ሻጩ፣ ከቦንዳ ፈትቶ ሸራ ላይ የከመረውን ልብስ በእግሩ ወደ እኔ እየገፋ።

"ባል የለኝም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለኮት ለባሽ።"

ይስቃል፣ ጎረቤቱም ይስቃል። እኔ ክምሩን እበረብራለሁ። የሚያፍር ሰው ሰልባጅ ገበያ አይሂድ፤ ደህናው ሁልጊዜ ከታች ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ለውጡ ሲመጣ "የድሮው ሥርዓት ሰው" ተብለው ተሰናበቱ። እሳቸውም ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ይዘው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ተቀመጡና ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ጀመር። ከወንጪም ከደንዲም የመጣ ገበሬ ከመኪና ሲወርድ "ኦቦ ጸሐፊ የት አሉ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። በኦሮምኛ ይሰማሉ፣ በአማርኛ ይጽፋሉ። ከተማው ሁሉ ካኪ ሲለብስ እሳቸው ካኪ አልነካም አሉ። "እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ወታደር አይደለሁም" ነበር መልሳቸው። ያቺኑ አንዲት ግራጫ ሱፍ ኮት ማታ ማታ በብሩሽ እየጠረጉ፣ ጠዋት ጠዋት እየለበሱ ዓመታት ኖሩ።

ኮቱም አረጀ። ክርኑ ሳሳ፣ ኮሌታው ነጣ። ያን ዓመት እኔ አዲስ አበባ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ኮቱ ተገልብጦ ጠበቀኝ። ኮት ማስገልበጥ ለማያውቅ ልንገር፤ ልብስ ሰፊው ስፌቱን ሁሉ ይፈታና ፀሐይ ያልነካውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና ይሰፋዋል። ከሩቅ ሲያዩት አዲስ ነው። ግን ያሳብቃል፤ በግራ ደረት የነበረው ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። የሚያውቅ ሰው ቀኝ ደረትህን ያይና "አሃ!" ይላል። የማያውቅ ቢኖር ደግሞ የሚያሳውቅ አይጠፋም።

ያሳወቀው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ስብሰባ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። አባባ ስለ ውሃ ቧንቧው አስተያየት ሊሰጡ ተነሡ። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ላይ ቁልቁል አያቸውና "ከአስተያየቱ በፊት እኔ ጥያቄ አለኝ" አለ። "የደረት ኪስህ ወዴት ሄደ? ምነው ግራው ባዶ ሆነ?" አንተ አላቸው፤ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የአባባ እጅ ወደ ግራ ደረታቸው ሄደ፣ ባዶውን ዳበሰ፣ ወረደ። ከዚያ ተቀመጡ። ልነሣ ስል እማዬ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ አስቀረችኝ። እስከ ዛሬ አልማርኳትም።

ከዚያች እሑድ ወዲህ አባባ ከቤት አልወጡም። ወንበሩና ጠረጴዛው ጓዳ ገቡ። ማመልከቻ ሊያጽፍ ቤት ድረስ የመጣውን ሁሉ "የሉም በይው" ይሉኛል፤ ሰውየው ድምፃቸውን በር ላይ ቆሞ እየሰማ። "አሞኛል" ይላሉ። ሕመማቸው ግን ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይታየኝ ነበር።

በዚሁ መሃል ጊንጪ የሚያስተምር አንድ ሰው፣ እኔም የምወደው፣ ሽማግሌ ልላክ አለኝ። ለአባባ ሲነገራቸው ወደ ግድግዳው ዞሩና "አጎትሽ ይቀበላቸው። እኔ በዚህ ኮት ሰው ፊት አልቀመጥም" አሉ።

"እርስዎ ያልተቀመጡበት ቤት ሽማግሌ አይገባም!" አልኩ። "ይቅራ! አላገባም።"

እማዬ ደረቷን መታች። "አንቺ ልጅ፣ ዕድልሽን በኮት ትለውጫለሽ?"

"እለውጣለሁ!"

መምህሩንም ጠብቅ አልኩት። ምክንያቱን ስነግረው የራሱን ኮት አውልቆ "ይኸው ይልበሱት" አለኝ። የሱ ኮት ሱፍ ሳይሆን ቴትሮን ነበር፣ ያውም የሚያብረቀርቅ። ስለምወደው ዝም አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ያንኑ ኮት ወደ ገለበጠው ልብስ ሰፊ ነው። ከሱቁ ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ደህና ቀን ያለፈባቸው ቤተሰቦች ሽጥልን ብለው በአደራ ያስቀመጡት ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል። አምቦ ውስጥ እውነተኛ ሱፍ የሚገኘው እዚያ ነበር። አንድ ቡናማ መርጬ፣ "አባቴ ይለኩትና እመጣለሁ" ብዬ ይዤው ወጣሁ። አባባ ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ። እጅጌውን ዳበስ አድርገው "ይኼን ኮት አውቀዋለሁ። ባለቤቱ እስር ቤት ነው" አሉኝ።

"ሚስቱ ናት ያወጣችው፤ ልጆች ልታበላበት ነው አባባ።"

"ደግ አደረገች። እኔ ግን ሲፈታ የገዛ ኮቱን ለብሼ 'እንኳን ለቤትህ አበቃህ' ልለው ነው? መልሺ።"

መለስኩ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ሁሉ ባለቤቱ የሚታወቅ ኮት ነው። የሰልባጁ ባለቤት ግን ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ ቢታሰርም ቢፈታም እኛን አያገኘንም። ወደ ሰልባጁ ዞርኩ።

ኤዲያ፣ ምን ያልረገጥኩት ገበያ አለ! ጉደር ሄድኩ። ጊንጪ ተመላለስኩ። እንጭኒ ዘመድ ሞቶብን ለቅሶ ስንሄድ እንኳ፣ አልቅሼ ስጨርስ በገበያው በኩል ነው የወጣሁት። እማዬ "የሟች አምላክ ይይልሽ" አለችኝ። ሟቹም ቢሆን ደህና ለባሽ ነበሩ፤ አይቀየሙኝም።

እየቆየሁ ዓይኔ ተገራ። ኮት ፊቱን አይቶ የሚገዛ ይከስራል፤ ገበሩን ገልጠህ የውስጡን ስፌት ነው የምታየው። ጨርቁን ጨምድጄ እለቀዋለሁ፤ ሱፍ ከሆነ ተመልሶ ይዘረጋል፣ ካልሆነ ተጨማድዶ ይቀራል። ከዘምዘሙ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጥላለሁ፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ናይለን ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሻጮቹ "ልብሳችንን ልታቃጥይ ነው እንዴ!" ብለው ያብዳሉ። ከሁሉ በፊት ግን የደረት ኪሱን ነበር የማየው፤ በግራ ነው ወይስ በቀኝ? ሌላው ቢጎድል ይጠገናል። ኪሱ ግን በግራ መሆን አለበት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርስ ጀመር። ጊንጪ፣ ጭቃው እግር የሚውጥበት ቀን፣ ከአሮጌ የዝናብ ካፖርቶች ስር አንድ ግራጫ ነገር ጎትቼ ሳወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በኦሮምኛ ይንሾካሾካሉ፤ የጸሐፊው ልጅ ናት፣ ያቺ ወንድ የምታለብሰው፣ እያሉ። ኦሮምኛ የማልሰማ መስሏቸው! ዞርኩና ገበያው እስኪሰማ "አባ ኮቲፍ!" ብዬ ጮኽኩ። ለአባቴ ነው! "ለአባቴ ነው፣ ሰማችሁ? አባት የላችሁም?" አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቅቤ የምትሸጥ አሮጊት ግን ከወዲያ ማዶ "እሰይ የኔ ልጅ፣ እንዳንቺ ያለችውን ለሁሉም ይስጥ!" አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት። እያለቀሱ ዋጋ አይከራከሩም።

ያ ግራጫ! ጨመደድኩት፣ ተዘረጋ። ክር መዝዤ አቃጠልኩ፣ ፀጉር ሸተተ። ገበሩ እንደ ውሃ ይንሸራተታል፣ ቁልፎቹ እውነተኛ ቀንድ ናቸው፣ ብል የበላው ቦታ የለም። የደረት ኪሱስ? በግራ! ሰው እያየኝ ኪሱን ሳምኩት። ሻጩ መሳሜን ያየ ጊዜ ዋጋውን ከፍ አደረገ፤ እኔም ባልጌ ተከራክሬ አወረድኩት።

ማታ አባባ ፊት ዘረጋሁት። ጨርቁን በሁለት ጣት ይዘው አሹት፤ ስንት ወር ያላየሁት ብርሃን ፊታቸው ላይ መጣ። ተነሡ፣ ለበሱት። ከስተው ስለነበር ትከሻው ልክ ሆነላቸው። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች። አባባ ሊቆልፉት እጃቸውን ላኩ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቁልፉን ፈልገው የሄዱት በቀኝ ነበር፣ ቁልፉ ግን በግራ ነው ያለው። አንዴ ቁልቁል አዩ፣ አንዴ እኔን አዩ።

"ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይኼ የሴት ኮት ነው።"

ቆሜ ሞትኩ። ያን ሁሉ ወር ኪሱን ስመለከት ቁልፉ በየት በኩል እንደሆነ አንድ ቀን አላየሁም! "ባሕር ማዶ ያሉት ሴቶች ትከሻቸው ምን ያህል ቢሆን ነው?" አለች እማዬ። አባባ መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሳቀው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ ከዚያ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ።

"ማን ያውቃል? ይልበሱት!" አልኩ በንዴት።

"ኮቴ ከተገለበጠ ወዲህ በየት በኩል የሚቆለፍ ይመስልሻል? ቁልፉም አብሮ ነው የዞረው። በሴት በኩል መቆለፌ ካልቀረ፣ የራሴ አለኝ!" እንደገና ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ "ይኼን ፍለጋ የት የት ደረስሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ገበያውን ሁሉ፣ ስድቡን ሁሉ፣ ምንም ሳልደብቅ። ሳቃቸው ቆመ። "አንቺ ይህን ሰምተሽ በሳምንቱ ተመልሰሽ ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ በአንድ ቀልድ…" አሉ፤ አልጨረሱትም። ግራጫውን አውልቀው እኔ ትከሻ ላይ ጣሉት። "ያንቺ ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ በያቸው።"

በተባለው እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከጓዳችን መጋረጃ ኋላ ሆኜ ሳይ ሦስተኛው ሊቀመንበሩ! የልጁ ዘመዶች ምንም ሳያውቁ፣ የከተማ ትልቅ ሰው ይጨመር ብለው ያመጡት ነው። አባባ የተገለበጠውን ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ መሃል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ ኪሳቸው ላይ ማንም ሳያየው እንዳያልፍ አድርገው ነጭ መሐረብና ብዕር ሰክተዋል። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ተብሎ ተቀመጥ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምን፤ ቆሙ።

ከደንዲ የመጡት ትልቁ አዛውንት መርቀው ጉዳዩን ተናገሩ። ሊቀመንበሩም ተራው ደረሰና ካኪውን እየጎተተ "እርስዎም እንደሚያውቁት፣ ልጁ ጨዋ ነው፤ ልጅዎን እንዲሰጡን…" አለ። እርስዎ! በጆሮዬ ሰማሁት።

አባባ አዩት። "በስብሰባው ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀረሁ" አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። "ኪስህ ወዴት ሄደ ነበር ያልከኝ። ኪሴ አዲስ አበባ ነበር። አዲስ ኮት በመግዛት ፈንታ ልጄን የጽሕፈት መኪና ሲያስተምር ከረመ። ሲመለስ ቦታው ቢዞርም፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የመጣ። ይኸው እሷን ልትለምን ደጄ ቆመሃል።"

የደንዲው አዛውንት ዱላቸውን መሬት መታ አደረጉና "ዱጋ!" አሉ፤ እውነት ነው። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ጠረገ።

"ልጄ፣ ነይ ውጪ" አሉ አባባ።

ግራጫ ኮቴን ለብሼ፣ ከላይ እስከ ታች ቆልፌ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ ወሬ ማስቀየሻ ያገኘ መሰለው። "ኮቱ… የወንድ አይደለም እንዴ?"

"የሴት ነው" አልኩት። "ቁልፉን ይዩት።"

የኔን ቁልፍ አየ፣ ዞሮ የአባባን አየ፤ ሁለቱም በአንድ በኩል ነው የተቆለፉት። ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። አባባ ያን ጊዜ ነው "በሉ ተቀመጡ" ያሉት።

ሰኞ ጠዋት አባባ ወንበራቸውን ተሸክመው በዚያው ኮት ወጡ። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ወደ በረንዳቸው የሚወስደው አቋራጭ በወንዙ በኩል ነበር፤ እሳቸው ግን በቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት የሚያልፈውን መንገድ ያዙ።