ቀለም ያልተቀባ አጠና

ባሌ የሞተው እኔ በሌለሁበት ነው። አጠና ሊያስጭን ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሰሜን ሸዋ ሄዶ ሳለ ታመመ፤ ተደውሎልኝ፣ መኪና ይዤ እስክደርስ አልጠበቀኝም። ስደርስ ዋርሳዬ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለሳጥኑ ጣውላ ይልጉ ነበር። ጣውላው ቀላ ያለ፣ ገና እርጥብ ነው፤ ሽታው አሁን የተቀረጸ እርሳስ ይመስላል። መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፤ እርሳስ። ሴቶቹ ክንዴን ግራና ቀኝ ይዘው ጩኸቴን ይጠብቃሉ። እኔ ግን፣

«ይሄ ምን እንጨት ነው?» አልኩ።

«ጥድ ነው፣ እህቴ» አለችኝ አንዷ፤ ቀጥላም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰረችልኝና «በይ አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» አለችኝ። ድምፅ አወጣሁ። እንባ ግን አልመጣም። ያን ቀን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ አልመጣም።

ሣልስቱ እንዳለፈ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩና ግቢውን ከፈትኩ። መርካቶ አጠና ተራ ውስጥ ያለን ግቢ ነው፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ከግድግዳው ሥር አጠናው በየውፍረቱ ተደግፎ የሚቆምበት። ቀጫጭኑ ለማገር፣ ወፈር ያለው ለቋሚ፣ ረጃጅሙ ለሕንፃ መወጣጫ። ኮንዶሚኒየም በየሰፈሩ የሚሠራበት ጊዜ ስለነበር ፎርማኖች ከጧት ጀምረው ይመጣሉ። «ነፍስ ይማር፣ እትዬ» ይሉኛል፤ ወዲያው ደግሞ «ባለ ስድስት ሜትሩ አለ?» ይላሉ። አለ እላለሁ። የሚሉኝን እሰማለሁ፣ የምመልሰውንም አውቃለሁ፤ ብቻ ሁሉም ነገር በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚደርሰኝ ይመስለኝ ነበር። ምግብ በሰዓቱ እበላለሁ። ቀመስኩት ማለት ግን አልችልም።

በግቢው በስተቀኝ ሌላ ክምር አለ። የእያንዳንዱ አጠና ወፍራም ጫፍ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ይህን ያስጀመረው ባሌ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዋርሳዬ አገር ገበሬዎች ባህር ዛፋቸው ከጓሮና ከማሳ ጠርዝ አያልፍም። አንዱ ገበሬ ብቻውን «ደኔን በወጉ ነው የምይዘው» ብሎ መርማሪ አስመጥቶ ሰርተፊኬት ማግኘት አይችልም፤ ወጪው ከዛፉ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ጎረቤት ከጎረቤት በማኅበር አደራጃቸው፤ ለሁሉም አንድ ሰርተፊኬት ወጣ። ዛፍ በተራ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ይተካል። ምንጭ ዳር ባህር ዛፍ አይተከልም። ምንጩን የከበቡት የጥንት ጥዶችና ወይራዎች አይነኩም። አንዱ ካጠፋ ሁሉም ያጣል። ዋርሳዬን ሊቀመንበር አደረጓቸው።

ባሌ ደግሞ የእነሱን እንጨት ከሌላው ሳይቀላቅል መርካቶ ለማስቀመጥ ተስማማ። ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክ አንድ የእንጨት ፋብሪካ እንጨቱን ይገዛ ነበር። ቀለሙን በገዛ እጁ ሲቀባ፣ «ዛፍ ከአየር ላይ የሚስበውን ጭስ ግንዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው» ይለኝ ነበር፤ ከፕሮጀክቱ ባለሙያ የሰማውን ነው። «ቤት ከሆነ እዚያው ታስሮ ይቀመጣል። ካነደድነው ተመልሶ ይወጣል።» እኔም፣ «እና በልጉ የጠፋው በዚህ ነው?» ብዬው ሳቅን። ዋርሳዬ በመጡ ቁጥር በልጉ እንደ ድሮው አልሆን አለ እያሉ ያማርሩ ስለነበር ነው።

ከሞተ በኋላም ቀለሙን መቀባቱን ቀጠልኩ። ስላመንኩበት አልነበረም። እጄ ሥራ ፈልጎ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የውጭ ኦዲተር መጣች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነበረች። የፕሮጀክቱ ባለሙያ፣ ወጣት ልጅ፣ ያስተረጉምላታል። እንጨቱ ከገበሬው ማሳ ተነስቶ እስከ ገዢው ድረስ መሐል ላይ እንዳይደባለቅ ለማየት ነው የመጣችው፤ ከመርካቶ ጀምራ ከዚያ ወደ ገጠር ትወጣለች። ክምሩን ዞረች፣ ጫፎቹን በእጇ ነካች። ተሸካሚዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩዋታል።

«የግቢውን ባለቤት ማነጋገር ትፈልጋለች» አለኝ ልጁ።

«ሞቷል። እኔ ነኝ።»

ልጁ ደነገጠ። ባሌን ያውቀው ነበር፤ መሞቱን ግን አልሰማም። ሳያስተረጉም ቆየ። ፈረንጇ ፊቱን አየች፣ ከዚያ የኔን ጥቁር ልብስ አየችና አንገቷን ደፋች። ከዚያ ደግሞ ሥራ ነውና ጥያቄዋን ቀጠለች፤ ጥያቄዋን መቀጠሏን ወደድኩት። የሚያጽናናኝ ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

ስትወጣ ልጁ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ «እትዬ፣ በርስዎ በኩል ያለው ንጹሕ ነው። ጎበዝ» አለኝ።

ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዋርሳዬ መጡ፤ ጭነት አልያዙም። አውቶቡስ ተራ ወርደው በእግራቸው ነው የደረሱት። ጋቢያቸውን እንደለበሱ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ቆዩ።

«ከማኅበሩ ወጣሁ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ? ምን ተፈጠረ?»

«ፈረንጇ ምንጩ ዘንድ ወረደች። ጉቶ አገኘች።»

«የምን ጉቶ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የጥድ» አሉ። «ይሄ የማን ሥራ ነው ብላ አስጠየቀች። የእኔ ነው አልኩ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ቀላ ያለ ጣውላ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ከገበያ የተገዛ መስሎኝ ይሆናል፤ ምንም አልመሰለኝም ይሆናል።

ስብሰባውን ነገሩኝ። አባላቱ ዛፉ ለምን እንደተቆረጠ ሁሉም ያውቃሉ፤ ቀብሩ ላይ ነበሩ። አንድ ቄስ፣ «ንፋስ ጣለው እንበል፤ እግዜርም ይቅር ይላል» ብለዋል። ዋርሳዬ ግን፣ «የመጋዙ ጥርስ ጉቶው ላይ እየታየ እንዴት ነው ንፋስ ጣለው የምንለው?» አሉ። አንዲት አሮጊት ተነስተው፣ «ለአንድ ሟች አንድ ዛፍ ምን አላት? ይቺ ሴትዮ ሙት የላትም?» ብለው ኦዲተሯን ተቆጡ። ባለሙያው ልጅ ላብ አጥምቆት ያስረዳል፦ ያጠፋው አባል በራሱ ቢወጣ ሌሎቹ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ጉቶው ዙሪያ ችግኝ ተተክሎ፣ በሚቀጥለው ምርመራ ከጸደቀ ሰውየው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ካልወጣ ግን የሁሉም ይታገዳል።

«እኔም አውጡኝ አልኩ» አሉ ዋርሳዬ። «የሃምሳ ቤት እንጀራ በኔ ጥፋት አይቋረጥም።»

«ቀድሞስ ለምን ቆረጡት?» አልኳቸው። ለምን እንዲህ በደረቁ እንደጠየቅሁ አላውቅም።

ውኃውን ጠጡ። «አባታችን ሲሞት መሬቱ ለሁለት የሚበቃ አልነበረም» አሉ። «አንቺ ባል ያደረግሽው ሰው፣ ድርሻውን ለኔ ትቶ ነው መርካቶ የገባው። በእጁ ጨብጦ የወጣው የመሳፈሪያ ብቻ ነው። እዚያ ቤት ከምበላው እህል ግማሹ የሱ ነው። እና ሲሞት ባህር ዛፍ ገጣጥሜ ልቅበረው? ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ግን ያን ጧት እጄ ወደ ሌላ ዛፍ አልሄድ አለኝ።»

ማልቀስ የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ጠበቅኩት። አልመጣም። «ምሳ ይብሉ» አልኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ የመኸሩ ጭነት መጣ። በአንድ መኪና የማኅበሩም የዋርሳዬም አጠና ነው፤ የእሳቸው በገመድ ለብቻው ታስሯል፤ ጫፉ ላይ ቀለም የለበትም። እሳቸውም አብረው ከጋቢናው ወረዱ። ተሸካሚዎቹ የማኅበሩን አራግፈው በቀኝ ከደረደሩ በኋላ የዋርሳዬን አንስተው ወደዚያው ሄዱ። ልማዳቸው ነው፤ የእሳቸው እንጨት ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው።

«ወደዚያ አይደለም» አልኩ። «ወደ ግራ።»

አንደኛው ተሸካሚ ሸክሙን እንደያዘ ዞረ። «የጋሼ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። ወደ ግራ።»

ዋርሳዬን አየኋቸው። በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ አንዱን አጠና ራሳቸው ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ ከየትም ከመጣው፣ ማን እንዴት እንደቆረጠው ከማይታወቀው እንጨት ጋር አቆሙት። ተሸካሚዎቹ ተከተሏቸው። ለባሌ ሳጥን ሲሉ የወጡ ሰው ናቸው፤ እንጨታቸውን የለየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን እዚያው ቆሜ በደንብ አስቤዋለሁ። እንደ ሰው ወሬ ነበር የሚሰማኝ።

የቆመው እንጨት ብዙ ቀን አልቆየም፤ አንድ ፎርማን ለመወጣጫ ወሰደው። ለእሱ ቀለም ኖረ አልኖረ ምኑም አይደለም።

በዚያው ሰሞን አንድ የማገዶ ነጋዴ የዋርሳዬን ባህር ዛፍ ሙሉውን፣ ቀጫጭኑን ጭምር፣ ከነሥሩ ልግዛ ብሎ እንደመጣባቸው ሰማሁ። ከማኅበሩ ውጭ ናቸው፤ የሚከለክላቸው የለም። ሸጡት ብዬ ደምድሜ ነበር። ሲመጡ ጠየቅኳቸው።

«አልሸጥኩም» አሉ። «ተራው የደረሰውን ብቻ ቆረጥኩ።»

«አሁን ማን ያይዎታል?»

«ማንም። ልማድ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ። ደግሞ ሁሉንም ባንዴ ካነሳሁት ዛፉ የቆመበት አቀበት ዝናብ ሲመጣ ተጠርጎ ምንጩ ላይ ነው የሚወርደው። ከማኅበሩ ወጣሁ እንጂ ከአገሩ አልወጣሁም።»

ጉቶው ዙሪያ የጥድ ችግኝ ተክለዋል። ጥድ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈልጋል አሉኝ። በጋውን ከባለቤታቸው ጋር እየተፈራረቁ ከምንጩ ቀድተው ያጠጣሉ። ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ አጥረውበታል። ግማሹ ደረቀ። የደረቀውን ነቅለው በክረምቱ እንደገና ተከሉ።

በዓመቱ ምርመራው መጣ። ለሙት ዓመቱ አገር ቤት የሄድኩ ጊዜ ስለነበር፣ ባለሙያው ልጅ እሾሁን ከፍቶ እየጎነበሰ ችግኞቹን ሲያይ እኔም አቀበቱ ላይ ቆሜ አየሁ። ጉቶውንም አየሁት። ወገብ የማይሞላ፣ ግራጫ ጉቶ። ከጎኑ ምንጩ በቀጭኑ ይወርዳል፤ ሁለት ሴቶች ጀሪካን ይሞላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ምን እንደሚሰማኝ ለማወቅ ሰዎቹ ከሩቅ ይከታተሉኝ ነበር፤ ብርድ ነው የተሰማኝ። ከሰዓት ማኅበሩ ተሰብስቦ ዋርሳዬን መለሳቸው። ሊቀመንበርነቱን ግን አልቀበልም አሉ። ያቺ ባለፈው ኦዲተሯን የተቆጡት አሮጊት እልል ሲሉ ሌሎቹ ሳቁ፤ ዋርሳዬ ግን ተነስተው የተቀመጡበትን ጋቢ አራገፉ።

የሚቀጥለውን ጭነት ይዘው ሲመጡ አረንጓዴውን ቀለም ራሳቸው ቀቡ። ሲጨርሱ፣

«ለባለቤቴ ነጠላ መግዛት አለብኝ» አሉኝ። «ውኃ የቀዳችው እሷ ናት። እኔ ጥለት አላውቅም፤ አብረሽኝ ነይ።»

ግቢውን ለተሸካሚዎቹ ትቼ ወጣሁ። ከግቢውና ከቤቴ ውጭ ለገበያ ስወጣ ከሐዘኑ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሸማ ተራ ለበዓል በሚገዛ ሰው ተጨናንቋል። አንዱ ነጋዴ ከኛ ፊት አንድ ነጠላ ዘረጋ። ድሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በጣቴ ሳሻሸው ወዲያው ታወቀኝ።

«ይሄ የእጅ ፈትል አይደለም» አልኩት።

«እንዴ እትዬ! ንጹሕ የእጅ ፈትል ነው።»

«አታሞኘኝ። ማግህ የፋብሪካ ነው። ያኛውን አውርድ፣ ከላይ ያለውን።»

«እሱ ይወደዳል።»

«አውርድና እንየው እንጂ፤ መወደዱን እኛ እንንገርህ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ከጎናችን ያሉት ዞር አሉ። ዋርሳዬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ነጋዴው እየተነጫነጨ መሰላሉን አምጥቶ ወጣ። እኔ ከሥር ቆሜ፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን በጣቴ አሳየሁት።