የልብስ ሰፊዋ መስኮት

ሹፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሥራውን ተወና ከቤቱ ጎን የነበረችውን ክፍት ቦታ ሸጠ። የገዛው ሰው በቤቶች መካከል የተረፈ መሬት እያሰሰ ፎቅ የሚያቆም ነው።

ከክፍት ቦታው ማዶ ልብስ ሰፊዋ ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በስፌት መኪናዋ ነው። መኪናዋን ያስቀመጠችው ወደ ሹፌሩ ግቢ በሚያየው በብቸኛው ትልቅ መስኮቷ ሥር ነበር።

ለግንባታው የጎረቤት ፈቃድ ተጠየቀ። የሽያጩ ቀሪ ገንዘብ የሚከፈለው ፈቃዱ ሲገኝ ስለነበር ሹፌሩ ወረቀቱን ራሱ ይዞላት ሄደ። አምስት ፎቅ የሚለውን አንብቦታል። እሷ መነጽሯን ስትፈልግ፣

«ተይው፣ ትንሽ ነገር ናት የሚሠሩት» አላት።

አምናው ፈረመች።

ግድግዳው ከመስኮቷ ሁለት ክንድ ርቆ ወደ ላይ ተመዘዘ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ በቀትር መብራት ማብራት ጀመረች። አንድ ቀን ሰማያዊ የተማሪ ልብስ በጥቁር ክር ሰፍታ ተመለሰባት። ሹፌሩ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ስፌቱን ስትተረትር አያትና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ለመግዛት እንኳ በዙሪያ መንገድ ይሄድ ጀመር። እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ጨጓራ ነው ብላ መድኃኒት ገዛችለት፤ እሱም ምክንያቱን ሳይነግራት ዋጠው።

ሕንጻው ካለቀ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ቤቷ ሄደ።

«አምስት ፎቅ መሆኑን አውቅ ነበር» አላት። «ስትፈርሚ አውቅ ነበር።»

ከጨርቁ ላይ ቀና አላለችም።

«ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ገባኝ» አለች። «መጥተህ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

ሕንጻው ያልጋረደውን፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን የራሱን ሳሎን እንድትሠራበት ለመናት። ሁለት ሳምንት አሰበችበትና እሺ አለች። መኪናዋን ከአማቹ ጋር ተሸክሞ አመጣላት።

አሁን ቀኑን ሙሉ እዚያ ትሰፋለች። ዓይኗ አርፏል፤ ሚስቱም ጨዋታ አግኝታለች። ሹፌሩ ሲገባ ግን ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ደህና አደሩ?» ትለዋለች፤ ሠላሳ ዓመት አንተ ስትለው የኖረች ሴት።

አንድ ቀን አንቱታው ይቅር ብሎ ለመናት።

«ሰው ቤት ነው ያለሁት» አለችው፣ ቀስ ብላ።

በሩን ገርበብ አድርጎላት ወደ ጓሮ ወጣ።