ከኢማሙ ኋላ ያለው ቦታ

ልጅ እያለሁ የቂርቆሱን ትንሽ መስጂዳችንን የማውቀው ይበልጥ በጆሮዬ ነበር። እኛ ሴቶች የምንሰግደው ከአረንጓዴ መጋረጃ በስተኋላ ስለሆነ ኢማማችንን ሸኽ ኑሪን አናያቸውም፤ ድምፃቸውን ብቻ እንሰማለን። በረመዳን ደግሞ አፍንጫዬም አያርፍም። በተምር አፍጥረን የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ ስንሰግድ ግማሹ ሐሳቤ በር ላይ ካለው ሳምቡሳ ጋ ነው።

ለማያውቅ አንድ ነገር ላስረዳ። ኢማም ቁርአን እየቀራ፣ ማለትም በቃሉ እያነበነበ፣ ሲያሰግድ ቢጠፋበት፣ ከኋላው የቆመ ሰው ትክክለኛውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ያ ቦታ በደንብ ለቀራ ሰው ይተዋል። በእኛ መስጂድ የሚቆምበት የሸኽ ኑሪ ተማሪ፣ ታላቅ ወንድሜ ከድር ነበር። ቀን ቡልጋሪያ ሰፈር አባቴ ሱቅ ይሠራል፤ ሲመሽ እሳቸው ጋ ቁርአን ይቀራል።

አንድ ረመዳን ሸኽ ኑሪ እየቀሩ ድንገት ቆሙ። መለስ ብለው ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ጠፋባቸው። የሰፈሩን አባወራ ሁሉ ቁርአን ያስቀሩ ሰው ናቸው፤ ማን ደፍሮ ያርማቸዋል? ከዚያ የከድር ድምፅ ተሰማ። እሳቸውም ተቀብለውት ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳቱ፤ ደግሞ አረማቸው።

ሶላቱ ሲያበቃ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እናቴን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

"ያንቺ ልጅ ዛሬ ሸኹን በሰው ፊት አዋረዳቸው እኮ።"

"እዚያ ያቆሙት እሳቸው አይደሉ?" አለች እናቴ። ግን ሳምቡሳውን ሳትነካ ወጣች።

ቤት ስንገባ አባቴም ተቆጣ። "ነገ ሄደህ አፉ በሉኝ በላቸው።"

"እሺ አባዬ። ግን ዝም ብል ኖሮ የሚቆጡኝ እሳቸው ነበሩ" አለ ከድር።

በማግስቱ ከመጋረጃው ኋላ ቆመን ስንጠብቅ "አላሁ አክበር" ያለው ድምፅ የሸኹ አልነበረም። የከድር ነበር። ከድር ደንግጦ ነው መሰል መሐል ላይ ጠፋበት። ያኔ ከኋላው አንድ የሚንቀጠቀጥ የሽማግሌ ድምፅ ቀስ ብሎ አስታወሰው። ሸኽ ኑሪ በተማሪያቸው ቦታ ቆመው ነበር።

ሶላቱ ሲያልቅ እኛም እንድንሰማ ጮክ ብለው ተናገሩ። "ትናንት የጠፋኝን ይኼ ልጅ ጠበቀልኝ። ከዛሬ ወዲህ እሱ ያሰግድ። ሲጠፋበት እኔ አለሁ።"

እናቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። "እትዬ ዘይነባ፣ የትናንቷን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ሳምቡሳሽን ብዪ ባክሽ" አሏት እየሳቁ።

ሸኽ ኑሪ ካለፉ ቆዩ። ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ከሰፈሩ ተነሥተዋል፤ መጋረጃውም ተቀይሯል። እኔ ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሲያርመኝ ደስ የሚለኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ረመዳን እዚያው ሄጄ ስሰግድ ከድር አንድ ቦታ ላይ ሳተ። ወዲያው ከኋላው አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ፣ ሳይፈራ፣ አስታወሰው።

ሶላቱ ሲያበቃ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱት እትዬ ዘይነባ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"ሰማሽው? የልጅ ልጄ ነው።"