ሱቅ ፍለጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ካውንቲ

ዓርብ ንጋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መስፍን ገና ሳይነጋ መኪናውን አፓርታማዬ በር ላይ አቁሞ ጡሩንባ ይነፋል። ጎረቤቶቼ ድሮም አይወዱኝም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ምክንያት አላቸው።

መስፍን የታናሽ እህቴ የሂሩት ባል ነው። ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። እሱ ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፣ እሷ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ሦስት ልጆችና ጠባብ አፓርታማ አላቸው። ቤቱ አልበቃ ሲላቸው መስፍን ኢንተርኔት ላይ ተጥዶ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ማዶ አንድ የገጠር ካውንቲ፣ ወረዳ በሉት፣ አገኘ። እዚያ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ፊት ለፊቱ ነዳጅ ማደያ፣ ከላዩ መኖሪያ ቤት ያለው። በዚያ ዋጋ አሌክሳንድሪያ ውስጥ መኪና ማቆሚያ እንኳ አይገኝም ይላል። ሂሩት "አብደሃል" ብላ ዘጋችው። እሱ ግን አልዘጋም። በመጨረሻ መረራትና "ሰብለ ትየው፤ እሷ ደህና ነው ካለች እናወራለን" አለችው። የዕረፍት ቀኔ የተበላው በዚህ ነው።

"ቀበቶሽን እሰሪ እህት ዓለም" አለኝ። "ዛሬ አሜሪካን ታያለሽ።"

"እስከ ዛሬ የት ነበርኩ?"

"ሲልቨር ስፕሪንግ።"

መንገድ ላይ

ጌይተርስበርግን ስናልፍ ሕንፃው እየሳሳ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሄደ። መስፍን ስለ ካውንቲው ያነበበውን እንደ ዜና አንባቢ ይተነትናል። ወጣቱ ትምህርቱን እንደጨረሰ አገሩን ጥሎ ይሄዳል። የቀረው ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ የድንጋይ ከሰሉ ማውጫ ተዘጋ፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃ ፋብሪካው። አሁን ደህና ደመወዝ የሚከፍሉት ትምህርት ቤቱ፣ የአረጋውያን መጦሪያውና እስር ቤቱ ብቻ ናቸው።

"ተሟልቷል" አልኩት። "ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኔ መጦሪያው፣ አንተ እስር ቤት።"

"አትቀልጂ። ሰው የሸሸው ቦታ ላይ ተወዳዳሪ የለም።"

"ገዢስ አለ?"

ሬዲዮኑን ከፈተው።

ቁርስ፣ ተራራው ሥር

መንገድ ዳር ምግብ ቤት ገባን። ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። አስተናጋጇን ሥጋ የሌለበት ምን እንዳላቸው ጠየቅኳት። "የተጠበሰ ድንች አለ፣ የኔ ማር" አለች። ድንቹ መጣ፤ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ ተነስንሶበታል።

"ሥጋ የለውም ብለሽኝ ነበር።"

"እሱማ ለጣዕም ነው" አለችኝ፣ ከልቧ ግራ ገብቷት።

እየለቀምኩ ወደ ሳህኑ ጠርዝ አወጣሁት። መስፍን የስቴት ድንበር ከተሻገርን ጾሙ አይመለከተንም ብሎ ጠርዙን ጠረገው።

ካውንቲው

ዋናው መንገድ ላይ ከሱቆቹ ግማሾቹ መስኮታቸው በጣውላ ተመትቷል። ቤተ ክርስቲያን በየመታጠፊያው አለ። አንድ ሰው ሳር ያጭዳል፤ እጁን አውለበለበልን። እኛም አውለበለብን። የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ያላደረጉትን አደረገ።

ሱቁ ከሩቅ ያምራል፤ ስንቀርበው ቀለሙ ተልጧል። ባለቤቷ ሚስ ቤቲ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ቡና ማፍያው አጠገብ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሲታዩ ከሱቁ ዕቃ ጋር አብረው የሚሸጡ ይመስላሉ። መስፍን ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን የምንኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው ሲል ግን ፊታቸው ጠቆረ።

ሚስ ቤቲ ስለ ሽያጩ ከማውራታቸው በፊት "ልጆች አሏችሁ?" ብለው ጠየቁት።

"ሦስት።"

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሦስት ልጆች አሉት።"

ከዚያ በኋላ መስፍን ጌታ ሆነ። ወንበር ተሳበለት፣ ቡና ተቀዳለት። ልጅ ስላነሰ ትንሹ ትምህርት ቤት ሊዘጋ እንደሆነ፣ የተማሪ አውቶቡሱም በዚህ በኩል ማለፍ እንደተወ አጫወቱት። ኧርል የሚባሉት ሽማግሌ የልጆቹን ዕድሜ ጠየቁ፤ የትኛው ስንተኛ ክፍል እንደሚገባ በልባቸው እየደለደሉ እንደነበር ያስታውቃል። መስፍን ፈገግታው ጆሮው ደረሰ። ያየኛል፣ "ምን አልኩሽ" በሚል ዓይን።

ሚስተር ኧርል በዚያው ወሬ መሃል ስኒውን አስቀምጠው ደረታቸውን ያዙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሚስ ቤቲ በሱቁ ስልክ አምቡላንስ ጠሩ። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አምቡላንሱ የሚመጣው ከተራራው ወዲያ ነው። የእኛ ሞባይሎች ኔትወርክ የላቸውም። መስፍን የሱቁን ስልክ ተቀብሎ ሂሩት ጋ ደወለና መያዣውን ለእኔ ሰጠኝ።

"ሰብለ፣ አታስተኚያቸው" አለችኝ ሂሩት። ድምፅዋ የማላውቀው ዓይነት ነበር፣ የሥራ ድምፅ። "ቀና አድርገሽ አስደግፊያቸው። አልቧቸዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኳቸው። ነገርኳት። አስፕሪን ከመደርደሪያው አውርደን እንድንሰጣቸውና እንዲያኝኩት አዘዘች። ሚስተር ኧርል እያኘኩ ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አነሱ።

"ማን ናት?"

"እህቴ ናት። ነርስ ናት።"

"ቁጡ ናት?"

"በጣም።"

"ጥሩ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሂሩት ስልኩን አልዘጋችም። ትንፋሻቸውን፣ የከንፈራቸውን ቀለም፣ ሁሉን ትጠይቀኛለች። ሚስ ቤቲ እጃቸውን ይዘው "ኧርል፣ እንዳትሄድብኝ" ይላሉ። ቆይቶ ቆይቶ አምቡላንሱ መጣ። በበጎ ፈቃድ የሚሠሩት ሾፌር ራሳቸው ሽበታም ነበሩ፤ አልጋውን ሲያነሱ መስፍን ሮጦ አገዛቸው።

ስለ ሽያጩ ማንም አላነሳም።

መልስ

ተራራውን ስንወርድ መስፍን "ይቅር" አለ። "ትንሹ አስም አለበት። አንድ ቀን ቢነሳበትስ? አምቡላንስ ስጠብቅ ልጄን ልቅበር?"

ጠዋት ቢሆን እቀልድበት ነበር። አሁን አልቻልኩም።

አሌክሳንድሪያ

ሂሩት በሩን ከፍታ ጠበቀችን። "ተርፈዋል" አለች ገና ሳንገባ። "ሚስ ቤቲ ጋ ደውዬ ነበር። የተዘጋውን የደም ሥር ከፍተውላቸዋል።"

መስፍን ሶፋው ላይ ወደቀ። "አንቺ ልክ ነበርሽ። ሱቁን ትቼዋለሁ።"

"እኔ አልተውኩትም" አለችው።

ሁለታችንም አየናት።

"የካውንቲው ክሊኒክ ነርስ አጥቶ ብዙውን ቀን ዝግ ነው አሉ። ማክሰኞ ኦፍ ነኝ፤ ሄጄ አየዋለሁ።"

"ትንሹስ?"

"የትንሹ እናት ነርስ ናት" አለችው። "የኧርል ልጆች ግን ሩቅ ናቸው።"

መስፍን ወደ ቤቴ ሊያደርሰኝ ሲነሳ ቁልፉን ከእጁ ወሰደችው። እኛ ሁለታችን ወጣን። ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ላይ ወጣን።

"ካውንቲው ይርቅብሻል አይደል?" አለችኝ።

"ይርቃል" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ፤ ድልድዩን እስክንጨርስ አለቀቀችኝም።